የእንግሊዙ በር ቤትና ግንበኛው ጋሽ ሙሜ

ግንበኛው አቶ ሙሜ አብዱላሂ ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ አሰበ ተፈሪ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ከበው ተቀምጠው ሳሉ ወደ አኼራ ሄደዋል። ዕድሜ ልካቸውን የተነፈሱት የድንጋይ አቧራ ደረታቸውን ይዞት ስለነበር የመጨረሻውን ዓመት ትንፋሽ እያጠራቸው ነው ያሳለፉት። የመጨረሻው ቀን ግን እንደዚያ አልነበረም። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ትንፋሻቸው ቀለል ብሎላቸው፣ ከትራስ ቀና ብለው ወተት ጠጥተው፣ ስለ ጎረቤት አጥር መዝመም ሳይቀር እየተጫወቱ ነው ያረፈዱት። ስለዚህ በቀብራቸው ላይ ያለቀስን ሁሉ ከለቅሶው ጋር እፎይታም እንደነበረን ብናገር ቤተሰቡ የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው ጋሽ ሙሜን በሥራ፣ በጉርብትናና በመስጊድ ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። አብዛኞቻችሁ ከእኔ ይልቅ ረጅም ጊዜ አውቃችኋቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ሳይነገር እንዲቀር አልፈልግም። እሳቸውም በሕይወት ሳሉ፣ «እኔ ስሄድ ንገሪልኝ፤ የሚጠቅመው ሰው ይኖራል» ብለውኛል።

ከአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርቴን ጨርሼ በመንግሥት የግንባታ መሥሪያ ቤት በነዳፊነት ተመድቤ ወደ አሰበ ተፈሪ ስመጣ፣ እሳቸው የግንባታ ፎርማን ነበሩ። ቢሮ ውስጥ ወንበር ነበራቸው፤ ተቀምጠውበት ግን አላየሁም። በመጀመሪያው ቀን የነደፍኩትን የመጋዘን ፕላን አሳየኋቸው። አዙረው አዟዙረው ካዩት በኋላ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ይህ በር ወደ ምሥራቅ ነው የሚከፈተው። እዚያ ቦታ ላይ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ሄደሽ ቁሚና ፊትሽን ይምታሽ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ትሥዪዋለሽ» አሉ። ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ሙሜ ብያቸው አላውቅም፤ ጋሽ ሙሜ ሆኑ።

በሥራ ላይ ዝምተኛ ነበሩ። መዶሻቸውን ይዘው በአዲስ ግንብ ሥር ሲያልፉ በየእርምጃው ቀስ አድርገው ይመቱታል፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡና ይቀጥላሉ። ባዶ ድምፅ ሰምተው የሆነ ቦታ ላይ ከቆሙ የዚያ ግንበኛ ልብ ይመታ ነበር። በተለይ በአንድ ነገር ማንንም አያምኑም፤ በአሳሪ ድንጋይ። የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ የውስጥና የውጭ። በመካከሉ በጭቃ ወይም በኖራ የተያዘ ሙሌት ነው። ሁለቱ ፊቶች እንዳይለያዩ በየተወሰነው ርቀት ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይገባል፤ አሳሪ የሚሉት እሱን ነው። ያን ድንጋይ ጋሽ ሙሜ ራሳቸው ካልመረጡትና በእጃቸው ካላስቀመጡት ግንቡ አይቀጥልም። ስንቱን ጎበዝ ግንበኛ በዚህ አስኮርፈውታል። እኔም የእርጅና ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት በበር ቤቱ ጊዜ ነው።

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ገለምሶ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የአንድ ባላባት የቡና እርሻ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች በአካባቢው በነበሩበት ጊዜ፣ ባላባቱ ከእነሱ አንዱን፣ ግንበኛ የነበረውን ሰው አግባብቶ አስቀረውና ለእርሻው መግቢያ በር አሠራ። ሰውየውም በአገሩ የትልልቅ ግቢ መግቢያ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ለዘበኛው የሚሆን የድንጋይ ቤት ሠራ፤ ከቤቱም ግድግዳ ተነሥቶ መንገዱን የሚሻገር ቅስት ገነባ። አገሬው «የእንግሊዙ በር ቤት» ይለዋል።

እንደዚያ ያለ ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ትንሽ ነው፤ ሁለት ክፍልና ከጣሪያው ሥር አንድ ቆጥ ብቻ። ግን የተሠራው ትልቅ ቤት እንደሚሠራ ተደርጎ ነው። ጣሪያው ቀጥ ብሎ የሾጠጠ ነው። ጋሽ ሙሜ እንደነገሩኝ እንግሊዙን ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «በአገሬ በረዶ እንዳይቆምበት ነው» ብሏል። «እዚህስ?» ሲሉት ትንሽ አሰበና፣ «እዚህ ያምራል» አለ። ጭስ ማውጫው ከቤቱ ይረዝማል። በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ከግድግዳው ወጣ ብሎ ሦስት ፊት ስላለው ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሣ የሚመጣውንም የሚሄደውንም ያያል። በደጁ ጥላ ሥር መንገደኛ የሚያርፍባቸው ሁለት የድንጋይ መቀመጫዎች አሉ። በመንገዱ በኩል ያለው ድንጋይ ሁሉ በመሮ የተጠረበ ነው፤ በጓሮ በኩል ግን እንደመጣ የተደረደረ። ጋሽ ሙሜ ይህን ሲያሳዩኝ፣ «አየሽ፣ ቤቱ ያማረውን ፊት ለሚያልፈው ሰጥቶታል። የሚኖርበት ሰው የደረሰው ጀርባው ነው። ግን ጀርባውም ዝናብ አያስገባም» ብለው ሳቁ።

እንዴት ያን ያህል እንዳወቁት ገርሞኝ ስጠይቃቸው፣ «እኔ ነኝ የገነባሁት» አሉኝ። በወጣትነታቸው በእንግሊዙ ሥር ከሠሩት ግንበኞች አንዱ ነበሩ።

አብዮቱ መጥቶ መሬት ሲወረስ ባላባቱ ሄደ፤ እርሻውም ለገበሬው ማኅበር ሆነ። በበር ቤቱ የቀሩት የሟቹ ዘበኛ ሚስት፣ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ አዴ የምንላቸው ሃሊማና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ነበሩ። ቡና የሚጭነው መኪና በቅስቱ ሥር ማለፍ ስላልቻለ፣ አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር እኛ ዘንድ መጣና በሩ ከነቤቱ እንዲፈርስ መወሰኑን ነገረን። ጋሽ ሙሜና እኔ ተልከን ሄድን። ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ቸኩሏል።

«ጓድ ሙሜ፣ በስንት ቀን ታወርደዋለህ?» አላቸው።

«ቅስቱን ነው ቤቱን?»

«ሁለቱንም። የባላባት በር ነው፤ ምን ይለያየዋል?»

«ይለያያል እንጂ። ባላባቱ ያለፈው በቅስቱ ሥር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን አንድም ቀን አላደረም። ያደረው ዘበኛው ነው። መኪናውን የከለከለውም ቅስቱ ነው። ቅስቱን ላውርድላችሁ፤ ቤቱ ለሃሊማ ይቆይ።»

ከተሰበሰበው ሰው መካከል «እውነት ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ወደ ቅስቱ ቀና ብሎ አየ። «ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ቅስቱ ሲነሣ ግድግዳው ቢናድስ? ሰው ቢጎዳስ?»

ጋሽ ሙሜ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ አዩት። በኋላ፣ «ከተናደ እኔ እጠየቃለሁ» አሉና በወረቀት ላይ ፈረሙ። በዚያ ዘመን ግድግዳ ተናደ ማለት ግድግዳ ተናደ ማለት ብቻ አልነበረም። አሻጥር የሚባል ቃል ነበር፤ ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው ወዴት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

በማግሥቱ ቤቱን ልለካ ሜትሬን ይዤ ስመጣ፣ ቅስቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መዳፋቸውን ለጥፈው ቆመው አገኘኋቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ሜትሩን አስቀምጪና ስሚኝ» አሉ። «ይህን ግድግዳ ስገነባ አሳሪ ድንጋይ አለቀብኝ። ከዚህ ከወገቤ ጀምሮ እስከዚያ ላይ ድረስ። እንግሊዙ ታሞ ተኝቷል። ድንጋዩ እስኪመጣ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ጨረሰ መባል ፈለግሁ። ስለዚህ አጫጭር ድንጋይ ከውስጥም ከውጭም አስቀምጬ መካከሉን በሙሌት ሞላሁት። ከውጭ ሲታይ ምንም አይለይም። በሳምንቱ አባቴ ሞተና ለለቅሶ ወደ መሰላ ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ግድግዳው ተጠናቆ፣ በኖራ ተለስኖ፣ ጣሪያ ወጥቶበት አገኘሁት። ምን ልበል? ዝም አልኩ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ያህል ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?» አልኳቸው። ድምፄ ሳልፈልግ ከፍ ብሎ ነበር።

«ካልፈረምኩ ሃሊማ ነገ ውጭ ናት። ከፈረምኩ ምናልባት አትወጣም።»

ያኑ ቀን ለአዴ ሃሊማም ነገሯቸው። ሳይነግሯቸው ሥራውን መጀመር አይሆንም ብለው ነው። በኦሮምኛ ስለተነጋገሩ ሁሉን አልያዝኩትም፤ ግን የአዴ ሃሊማን ቁጣ ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም ነበር። ዋናው ነገር ይህ ነው፦

«ኦቦ ሙሜ፣ እኔ ሁለት ልጅ ከዚህ ግድግዳ ሥር ወልጃለሁ። ባሌ ከዚህ ግድግዳ ሥር ነው የሞተው። አንተ በየክረምቱ እየመጣህ ግድግዳውን ስትነካካ እኛን ለመጠየቅ ይመስለኝ ነበር!»

«እናንተንም ለመጠየቅ ነው።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«አሁን ነው፤ ፈሪ ስለነበርኩ» አሉ ጋሽ ሙሜ።

አዴ ሃሊማ ጀርባቸውን ሰጥተው ገቡ። ብዙ ቆይተው ብርድ ልብስና ድስት ተሸክመው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ወጡ። «በል እንግዲህ ሥራ» አሏቸው። «እኛ እታች ጎረቤት ጋ ነን። ወይ ቤቴን ታስረክበኛለህ፣ ወይ መጥተህ ፊት ለፊት ትነግረኛለህ።»

ሥራው አንድ ሳምንት ፈጀ። በመጀመሪያ በቅስቱ ሥር ከአጣና የተሠራ ድጋፍ ቆመ፤ ድንጋዮቹ በአንድ ጊዜ እንዳይወርዱ ተኝተው የሚጠብቁበት ማለት ነው። የቤቱም ግድግዳ በሁለት በኩል በግንድ ተደገፈ። ከዚያ ጋሽ ሙሜ ከቅስቱ አናት የመካከለኛውን ድንጋይ አወጡና ከግራና ከቀኝ ተራ በተራ አወረዱ። እያንዳንዱን ቁጥር እየሰጠሁ መዘገብኩት። ከግድግዳው ውስጥ የገቡት የመጨረሻዎቹ ድንጋዮች ላይ ሲደርሱ ሠራተኞቹን በሙሉ ራቁ አሏቸው። እኔንም አራቁኝ። መሰላሉ ላይ ብቻቸውን ወጡ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲነቀንቁ ከግድግዳው ኖራ ፈረፈር ብሎ ወረደ። ከመስኮቱ በላይ አንዲት ስንጥቅ ታየችና እንደ ክር ሄዳ ቆመች። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጋሽ ሙሜ ድንጋዩን ሳቡት፤ ወጣ። በቀረው ቀዳዳ አጎንብሰው ወደ ግድግዳው ውስጥ አዩ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ። ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

«ጋሽ ሙሜ! ምን ሆኑ?» ብዬ ጮህኩ።

«ነይ» አሉ። «ነይና ይህን እይልኝ። ዓይኔ ይሆን?»

ወጣሁ። በቀዳዳው ውስጥ አንድ ረጅም ድንጋይ ከውስጥ ፊት እስከ ውጭ ፊት ተጋድሟል። ከበላዩ ሌላ። ከዚያም በላይ ሌላ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ታስሯል።

«አሳሪ ነው እኮ!» አልኩ።

«ነው። ግን የእኔ አይደለም» አሉ ጋሽ ሙሜ። በጣታቸው የመሮውን ጭረት ዳሰሱ። «እኔ ስጠርብ ጭረቱ ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው። ይህ ወደ ግራ ነው። እዚያ ሥራ ላይ በግራ እጁ የሚጠርብ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኢብራሂም ነው። ይህ የኢብራሂም እጅ ነው።»

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረዱ አላውቅም። ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሳቁም፤ አለቀሱም። ሠራተኞቹ ፀሐይ የመታቸው መስሏቸው ውሃ አመጡ። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጥቶ፣ «ምንድን ነው? ግድግዳው ምን ሆነ?» አለ።

«ምንም አልሆነም» አሉት። «ደህና ነው። ሄደህ ሃሊማን ጥራልኝ፤ ቤቷን ትረከብ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ኢብራሂም ወደሚኖርበት ገለምሶ በአውቶቡስ ወረድን። አብሬያቸው እንድሄድ የጠየቁኝ፣ «ብቻዬን ከሆንኩ እጣላዋለሁ» ብለው ነው። አቶ ኢብራሂም ሥራ ትተው የጫት ማሳቸውን እየጠበቁ ይኖሩ ነበር። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ጤና፣ ልጆች፣ ዝናብ። ጋሽ ሙሜ መቆየት አልቻሉም።

«ኢብራሂም፣ የበር ቤቱን ግድግዳ ከፈትኩት።»

አቶ ኢብራሂም ፈገግ አሉ። «ታዲያ ጥሩ አድርጌ አልጠረብኩትም?»

«ማን አፈረሰው? ማን ነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረንም። እንግሊዙ ከሕመሙ ተነሥቶ ወጣና ግድግዳውን በመዶሻ መታው፤ ሰማው። የአንተን ሥራ በሙሉ አስወረደን። ድንጋይ እስኪመጣ ጠበቅን፤ እንደገና ገነባን። ከዚያ ሰበሰበንና፣ ልጁ አባቱ ሞቶበታል፤ ሲመለስ በዚህ ነገር እንዳትቀበሉት አለን። ቃል ገባን።»

ጋሽ ሙሜ ብድግ አሉ። «እሱስ አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሠላሳ ዓመት!»

«እኔማ የረሳኸው መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ኢብራሂም። «አንተስ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ሙሜ ቆመው ቆመው ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እስክንመለስ ድረስ ያወሩት ስለ እንግሊዙ አማርኛ ነበር፤ ኖራ ማለት አቅቶት «ኑራ» እያለ ሲጣራ ኑራ የምትባል የሠፈር ሴት እንዴት አቤት እንደምትል።

አዴ ሃሊማ በቤታቸው ቀሩ። ስንጥቋን ጋሽ ሙሜ በኖራ ደፈኗት። ከቅስቱ የወረደው ድንጋይ ለማኅበሩ ጤና ጣቢያ መሠረት ሆነ፤ ሊቀመንበሩም ይህን በየስብሰባው ራሱ እንዳሰበው አድርጎ ሲናገር ጋሽ ሙሜ ዝም ብለው ይሰሙት ነበር። መኪናው ያልፋል፤ ቤቱ ቆሟል። የአዴ ሃሊማ ልጆችም ከዚያ ወጥተው ተዳሩ።

የተለወጡት ጋሽ ሙሜ ናቸው። ከዚያ በኋላ አሳሪ ድንጋይ ሌሎችም እንዲያስቀምጡ ፈቀዱ። አዲስ ግንበኛ ሲቀጠር የሚናገሩት ነገር አንድ ነበር፦ «ታበላሻለህ፤ ሁላችንም እናበላሻለን። ያበላሸኸውን በዚያው ቀን ንገረኝ። አልቆጣም።» አልተቆጡምም። አንዴ አንድ ግንበኛ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራውን ጠማማ አድርጎ መገንባቱን መጥቶ ሲነግራቸው፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው አብረውት አፈረሱ፤ አብረውት ገነቡ። ከሥራ ሰዓት ውጭም ዝናብ ከመግባቱ በፊት የአቅመ ደካሞችን ግድግዳ በመዶሻ እየመቱ ይዞሩ ነበር። የጎረቤታችንን የአንድ ሽማግሌ ቄስ የደጅ ደረጃ ሠርተውላቸው፣ ቄሱ ምን ልክፈል ሲሉ፣ «ሲወርዱ ቀስ ይበሉ፤ ሌላ አልፈልግም» ማለታቸውን አብራኝ የምትኖረው እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች።

በቀብራቸው ቀን አቶ ኢብራሂም ከገለምሶ ደርሰው ነበር። አዴ ሃሊማም ለቅሶ ቤት መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ማንም ስለ ግድግዳው አላነሣም። አያስፈልግም ነበር።

ጋሽ ሙሜ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ታመው ስለነበር እንዳልረብሽዎ ብዬ ያላልኩት ነው። ባለፈው ወር መሰላ በሚሠራው ትምህርት ቤት የመሠረቱን ጥልቀት በስሕተት ጽፌ ፈርሜበት ነበር። ያወቅሁት ግድግዳው መስኮት ከደረሰ በኋላ ነው። ወረቀቱን ስንት ጊዜ አጣጥፌ ዘረጋሁት መሰልዎ። ከዚያ መሰላ ሄድኩና በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ቆሜ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ አፍርሱት አልኳቸው። ግንበኞቹ ተያዩ። አንዱ የእርስዎ ተማሪ ነበር፤ ሸሚዙን አወለቀና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣ። ዛሬ መሠረቱ በልኩ ወርዷል፤ ልጆቹ በመስከረም ይገባሉ። እኔም ደህና ነኝ፣ ጋሽ ሙሜ። አላህ በጀነት ያኑርዎ፤ አሁን ይረፉ።